የነሐሴ ይለፍ

ፈሪ ነኝ። ይህን ከወዲሁ ተናግሬ ብገላገል ይሻለኛል፤ የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያደርሰኝ እዚያው ነው። ሽንፋ አካባቢ ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ ፈሪነቴን ግን እዚያ የሚያውቅ ሰው የለም። የምታወቀው በቁጣዬ ነው። ትራክተር ነጂዎቹ እንኳ ቢሮዬ በር ላይ ሲደርሱ የጫማቸውን ጭቃ አራግፈው ነው የሚገቡት። ቁጣ ፍርሃትን ደህና አድርጎ ይሸፍናል፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከራሴ ነው ያየሁት።

ሥራዬ ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን ይለፍ መጻፍ ነው። የአገሩ ነዋሪ በመታወቂያው ይንቀሳቀሳል። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከበለሳ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ እኛ ሳሉግ የምንለው፣ የትኛው እርሻ ላይ እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር ወረቀት ካልያዘ ኬላ አያልፍም። ስለዚህ ፎርም አዘጋጅተናል። «ለዚህ ወር የሚያገለግል» ከሚለው አጠገብ ባዶ ቦታ አለ፤ የወሩን ስም እሞላለሁ፣ እፈርማለሁ፣ የእርሻውን ማህተም እመታለሁ፣ ቀበሌ ያጸድቀዋል። ሠራተኛው በዚያ ወር ውስጥ የፈለገውን ያህል ይመላለስበታል፤ ወሩ ሲያልቅ ሌላ ይጻፍለታል። ከመስከረም እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለት ዓይነት ይለፍ አለኝ።

ጳጉሜን በእኔ ቢሮ ወር ሆና አታውቅም። ደመወዝ የላትም፣ የራሷ መዝገብ የላትም፣ ሥራው ግን አይቀርም። ለእኔ ነሐሴ የሚያልቀው ዘመን መለወጫ ሲደርስ ነው። ከደመወዝተኛ ጋር የኖረ ጸሐፊ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያስበው፤ ስህተት ሊሆን ይችላል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ የወሎ ሰው ቢሮዬ መጡ። ስድሳን የተሻገሩ ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ለአረም መውረዳቸው ያሳዝነኝ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ በአረም ወቅት ማንም አያሳዝነኝም፣ ሥራው ፋታ አይሰጥም። ከሐምሌ ጀምሮ ትኩሳት እየተመላለሰባቸው በጣም ከስተዋል፤ ሆዳቸው ግን በግራ ጎናቸው በኩል አብጧል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ካላዛር ሳይሆን አይቀርም ብሎ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሪፈር ጽፎላቸዋል። ካላዛር ምን እንደሆነ በእኛ ቆላ ልጅ አዋቂው ያውቃል። መርፌው በጊዜ ከተጀመረ ሰው ይድናል፤ ካልተጀመረ አይድንም። ባለሙያው እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ከዘመን መለወጫ በፊት ይድረሱ፤ ደማቸው አልቋል» አለኝ። እኔም በዓሉን እናቴ ዘንድ ጎንደር ለመዋል አስቤ ነበርና አብሬያቸው ሄጄ ሆስፒታል በር እንደማደርሳቸው ቃል ገባሁለት።

ፎርሙን ስሞላ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደል የማያውቅ ሰው ምን እንደተጻፈለት እንዲሰማ ብዬ ነው። «ለነሐሴ ወር» ስል ሰውዬው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ዛሬ እኮ ሃያ ሰባት ነው። መንገዱ ቢዘጋና ጳጉሜን ቢገባብኝሳ?»

«ጳጉሜን ነሐሴ ውስጥ ናት፣ አባባ።»

«እሱስ እንዳልሽ ነው። ግን ኬላ ላይ የሚቆመው ሰው እንዳንች የተማረ ባይሆንሳ?»

«ስንት ዓመት ስጽፍ የኖርኩትን ነው እኮ የሚያስተምሩኝ!» አልኳቸው። «ይልቅ ማህተሙ እስኪደርቅ አይንኩት።»

አልተቀየሙም። ማህተሙ እስኪደርቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ወጣት ሳሉ በድሬዳዋ መስመር ሐዲድ ጠጋኝ እንደነበሩ አጫወቱኝ። ለሠራተኛው ይለፍ ይሰጠው ነበር አሉ፤ መዳፍ የማትሞላ ካርቶን። «ባቡሩ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ተቆጣጣሪው ይመጣል፤ አሳየዋለሁ። በመብሻው ቀዳዳ አድርጎባት ያልፋል፣ አለቀ። ከየት መጣህ የለ፣ የማን ወገን ነህ የለ። በረሃውን፣ አዋሽን፣ ግማሹን አገር ባንዲት ካርቶን አቋርጨው ስሄድ እንቅልፌን ነው የምተኛ» አሉኝ። ከዚያ የእኔን ወረቀት በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው አዩት። «ወረቀት የያዘ ሰው ምን ይፈራል?»

መተማ ባቡር ደርሶባት አያውቅም፤ እኔም ያየሁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው። ሰውዬው ሲናገሩ ግን ቀናሁባቸው። በሕይወቴ አንድ ቀን ከሽንፋ ጎንደር እንቅልፌን ተኝቼ ብሄድ ምን እንደሚመስል ማሰብ እንኳ አቃተኝ።

በማግስቱ ልንነሳ ነበር። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ የሽንፋን ወንዝ ሞላው፤ ሁለት ቀን ማንም አልተሻገረም። ወንዙ ሲጎድል ደግሞ መንገዱ ተዘግቷል፣ እጀባ የለም ተባለ። ገንዳ ውሃ ከተማ የደረስነው በጳጉሜን የመጀመሪያ ቀን ነው፤ እዚያው አደርን። እኔ ግን የማስበው ስለ ወንዙና ስለ ሰውዬው ትኩሳት ስለነበር ቀኑን ልብ አላልኩትም። እሳቸውም ዳግመኛ አላነሱብኝም። አንዴ ተቆጥቻቸዋለሁና።

በእኛ መንገድ መኪና ብቻውን አይሄድም። ጠዋት ከከተማው መውጫ ላይ አውቶቡሱም፣ የጭነት መኪናውም፣ ሚኒባሱም ይሰለፋል፤ ከፊትና ከኋላ አጃቢ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል። ያ የሰልፍ ሰዓት ለእኔ ከመንገዱ ይብሳል። ሁሉም ዝም ብሎ አንድ ዓይነት ነገር ይሠራል። ሴቶቹ የጆሮ ወርቃቸውን ያወልቃሉ። ወንዶቹ ስልካቸውን እያገላበጡ ፎቶ ያጠፋሉ። እኔም አጠፋሁ፤ የእርሻው ሠራተኞች ትራክተር ላይ ተሰቅለው የተነሱትን እንኳ አጠፋሁት፣ ምን ሊያመጣብኝ እንደሚችል ባላውቅም። ሾፌሩ ፊቱን ደጋግሞ በፎጣ ይጠርጋል፤ ገና ጠዋት ነው፣ ሙቀቱም አልጀመረም።

ሰውዬው ሊያስመልሳቸው ስለሚችል በሩ አጠገብ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ለእኔ የደረሰኝ ከእሳቸው አራተኛው ረድፍ፣ መስኮት ዳር ነበር። ይለፉንና ሪፈሩን በፕላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘዋል። ዞር እያሉ ያዩኛል፤ እኔም አይዞዎት እንደማለት ራሴን እነቀንቅላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ኬላ ላይ ማንም አላነበበም። የወጣው ሰው መታወቂያዎቹን በዓይኑ ቆጥሮ ወረደ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ተነፈሰ፣ ሌሎቻችንም ተከተልን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ መተማ ዮሐንስ ልብስ ነግዳ የምትመለስ ጎንደሬ፣ እፎይ ስትል ወሬ ጀመረች።

«ነገ ብቻ ቤቴ ያድርሰኝ። ሩፋኤል ነው፣ ዝናቡ አያመልጠኝም። ዓመቱን ሙሉ የሰበሰብሁትን ነው የማጥበው።»

«ነገ ነው እንዴ ሩፋኤል?» አልኳት።

«ዛሬ ጳጉሜን ሁለት አይደል? ምን ነካሽ?»

ያኔ ነው የገባኝ። የሰውዬውን ማጅራት እያየሁ «ለነሐሴ ወር» የሚለውን የገዛ እጅ ጽሑፌን በዓይነ ሕሊናዬ አነበብኩት፤ እንደ ልማዴ አሳምሬ፣ አጉልቼ ጽፌዋለሁ። ተነስቼ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ሪፈሩን ብቻ ያሳዩ፣ ይለፉን አያውጡ ማለት እችል ነበር። አልተነሳሁም። ሰው ያየኛል፣ ለምን ተንሾካሾኩ ይባላል ብዬ ፈራሁ። ይልቅ ያኛው አላነበበም፣ የሚቀጥለውም ላያነብ ይችላል እያልኩ ራሴን ማባበል ያዝኩ።

ሁለተኛው ኬላ ደጋው ከመጀመሩ በፊት ባለ አንድ መታጠፊያ ላይ ነበር። ከመንገዱ ዳር አንድ ራኩባ አለ፤ ከሱዳኖች የወረስነው የሣር ዳስ ነው፣ ሻሂ ይሸጥበታል። የኬላው ሰዎች የማን እንደነበሩ አልጽፍም፤ በዚያ መንገድ ኬላ የያዘው ሰው ይለዋወጣል፣ ፍርሃቱ ግን ያው ነው። ወደ አውቶቡሱ የወጣው መሣሪያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ለስላሳ ሰው ነበር። አልጮኸም፣ አልገፈተረም። እንዲህ ያለውን ነው አብዝቼ የምፈራው። ከመጀመሪያው ወንበር ጀመረና የሰውዬውን ወረቀት ፈትቶ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«አባባ፣ ይኸ የነሐሴ ነው።»

«አዎ ጌታው።»

«ዛሬ ጳጉሜን ነው።»

«ጳጉሜን ነሐሴ ውስጥ ናት ብለውኛል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው ዝም አለ። ጠባቂው አልሳቀም።

«ማን ነው እንዲህ ያለዎ?»

ሰውዬው አልዞሩም። መዞር ብቻ ነበር የሚበቃቸው። እጄን ቀሚሴ ሥር ደበቅሁት፤ ጣቶቼ ላይ ፊርማዬ የተጻፈ መስሎ ታየኝ።

«እርሻው ነው የጻፈልኝ» አሉ።

«ይኸ ፊርማ የማን ነው?»

«እኔ ፊደል አላውቅም ጌታው።»

ሪፈሩን አሳዩት። እሱንም አነበበው። ታማሚ መሆናቸውን እንዳመነ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ግን ቀኑ ያለፈ ወረቀት አሳለፈ ተብሎ ቢጠየቅ እሱም የሚፈራው ሰው አለው። ጥቂት አሰበና ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁላችንም ተናገረ።

«እኒህን ሰው የሚያውቅ አለ? አውቃለሁ፣ እዋሳለሁ የሚል ካለ መታወቂያውን ይዞ ይውረድ። ሦስት መስመር ጽፎ ይፈርምና ይሂዱ።»

ሦስት መስመር። በቀን ስንቱን ሦስት መስመር ነው የምጽፈው! በአውቶቡሱ ውስጥ ለዚያ ሥራ እንደ እኔ የተሠራ ሰው አልነበረም። ግን ሐምሌ ላይ ከእኛው ከተማ አንድ ጎማ ጠጋኝ ለአንድ መንገደኛ አውቀዋለሁ ብሎ ከመኪና ወርዶ ነበር። የተመለሰው በሳምንቱ ነው። የት እንደነበረ፣ ምን እንዳደረጉት ጠይቀነው አልተናገረም፤ ሱቁን ዘግቶ ወደ ደጋ ወጣ። ደግሞ ስፈርም ፊርማዬ ከወረቀቱ ፊርማ ጋር አንድ ሊሆን ነው። አንቺ ነሽ የጻፍሽው? ቀኑን ለምን አሳሳትሽ? ስንት ሰው በእንዲህ ያለ ወረቀት አሳልፈሻል? ይህ ሁሉ ጥያቄ ገና ሳልጠየቅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አሳረፍኩ። የተኛ ሰው እንድመስል አፌን እንኳ ትንሽ ከፈት አደረግሁ። ነጋዴዋ ሴት ከአፍታ በፊት እያወራን ስለነበር እንዳልተኛሁ ታውቃለች፤ ጉንጬ ላይ ዓይኗ ሲያርፍ ይሰማኝ ነበር። ከሰውዬው ጋር ምን እንዳገናኘኝ ግን አታውቅም፤ እሷም የራሷን ትፈራለች፣ ዝም አለች።

ጠባቂው ጥያቄውን ደገመው። ከዚያ «እንግዲያው ይውረዱ አባባ» ሲል ሰማሁ። የላስቲክ ጫማቸው ደረጃውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ወረደ። ሾፌሩ «ፌስታልዎን!» አለና አቀበላቸው። ጠባቂው ሌሎቻችንን ቶሎ ቶሎ አይቶ ጨረሰ፤ የእኔን መታወቂያ ነጋዴዋ ከጭኔ ላይ አንስታ አሳየችልኝ። አውቶቡሱ ተነሳ።

ዓይኔን የገለጥኩት ሁለት መታጠፊያ ካለፍን በኋላ ነው።

«ነቃሽ?» አለችኝ ሴትዮዋ። መታወቂያዬን ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። እስከ ጎንደር ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረችኝም።

አይከል ላይ ለምሳ ስንቆም ሾፌሩ ዘንድ ሄድኩ። «የወረዱት ሽማግሌ ምን ይሆናሉ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ። ምንሽ ናቸው?»

«ምንም።»

«እና ምን አስጨነቀሽ? መኪና እስክትመለስ ያቆዩዋቸዋል፣ አለዚያም ያሳልፏቸዋል።» እንጀራውን ጠቀለለ። ልመለስ ብል መኪና የለም፣ እጀባው ወደፊት ብቻ ነው የሚሄደው። መኪና ቢኖርስ እመለስ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱን አውቀው ነበር።

እናቴ ቤት የደረስኩ ቀን እህል አልበላም አለኝ። የመንገድ ድካም ነው አልኳት። በማግስቱ ሩፋኤል ዘነበ፤ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ተጠመቀበት፣ እናቴም ነጠላዋን ጥላ ወጣች። ጠራችኝ፤ ብርድ ይዞኛል አልኳት። ስልክ በጮኸ ቁጥር የጤና ጣቢያው ባለሙያ ይመስለኛል። ሰውዬው አንድ ጥግ ተኝተው ሲንቀጠቀጡ አያለሁ፤ ዓይኔን ስጨፍን ደግሞ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ሆስፒታሉ ከእናቴ ቤት በእግር የሚኬድ ነው። ሦስት ቀን አልሄድኩም። ሄጄ ሳጣቸው ምን እንደምሆን ፈርቼ ነው።

የበዓሉ ዋዜማ ላይ እናቴ ለቄጤማ ስትልከኝ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። የካላዛር ሕሙማን ክፍል በር ላይ ለነርሷ ምን እንደምላት ሳላስብ ቆምኩ። ከዚያ በስተቀኝ ሁለተኛው አልጋ ላይ አየኋቸው። ተደግፈው ተቀምጠው ሾርባ ይጠጣሉ። ግድግዳውን ያዝኩ።

«መጣሽ ልጄ!» አሉ። ደስ ያላቸው በእውነት ነው።

«እንዴት ደረሱ?» ማለት ብቻ ነው የቻልኩት።

«እሱስ በሰው ነው። ራኩባው ሥር ሻሂ የምታፈላ ሴት አለች አይደል? ስንቀጠቀጥ አየችኝና ብርጭቆዋን አስቀምጣ መጣች። አጎቴ ናቸው አለችው ጠባቂውን። አይታኝ አታውቅም እኮ! ጻፊ ሲላት ፊደል አላውቅም አለች። እሱ ጻፈ፣ እሷ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። በማግስቱ ሽንኩርት የጫነ መኪና ላይ አወጡኝ። መርፌውን ትናንት ጀመሩልኝ፤ ደርሰዋል አሉኝ።»

ልናገረው የሚገባኝ አንድ ቃል ነበር፤ ነቅቼ ነበር ማለት። ክፍሉ ውስጥ መሣሪያ የያዘ የለም፣ ኬላ የለም፣ መታወቂያ የሚጠይቀኝ የለም። እንዲያም ሆኖ እንደዚያ ቀን ፈራሁ።

ሾርባውን አስቀመጡና አተኩረው አዩኝ።

«አንችም ደክሞሽ ነበር» አሉኝ። «ስወርድ ዞር ብዬ ሳይሽ እንቅልፍ ወስዶሻል። አውቃታለሁ እንዳልል ትቀሰቀሳለች ብዬ ተውሁት። ወንዙ፣ ጭቃው፣ ያን ሁሉ ቀን እኔን ስታስታምሚ ነው የሰነበትሽ።»

ፊታቸውን ፈተሽኩት። ያውቁ እንደሆነ የሚናገር ነገር ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

«አዎ አባባ» አልኩ፤ «ደክሞኝ ነበር።»

«በይ አረፍ በይ እንግዲህ» አሉና እግራቸውን ሰብስበው ከአልጋው ጫፍ ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። ሕክምናቸው አንድ ወር ሙሉ ነበር፤ እኔም ወደ ሥራዬ እስክመለስ በየቀኑ እየሄድኩ ጠየቅኋቸው፤ ነቅቼ እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም።